ያልነካኋትን ኳስ ስለ መጣሌ

ለክቡር ዶን ፕሪሚቲቮ አልካንታራ
የፑንታ ብራቫ ቤዝቦል ስታዲየም ዋና ውጤት መዝጋቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትዎ፣ በተለይም ስለ ዓይንዎ ጤና ያደረብኝን ከባድ ሐሳብ በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ቴኦፊሎ ሴቬሪኖ እባላለሁ። ለተጋጣሚው ቡድን ሦስተኛውን ቤዝ ስጠብቅ ዕድሜዬን ሙሉ ከመስኮትዎ ቁልቁል ሲያዩኝ ኖረዋል፤ አይተውኝ ከሆነ ማለቴ ነው።

በዘንድሮው የውድድር መክፈቻ፣ በተጫወቱበት ዘመን ከሺህ ሙከራ ሦስት መቶውን የመቱ ሰዎች ስም በስታዲየሙ የውጭ ግድግዳ ላይ እንደሚጻፍ ሰማሁ። ኡልፒያኖ ኬሳዳ ልክ ሦስት መቶ ስለሆነ ይጻፋል። ኤሊሴኦ ፖላንኮ ግን ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነው ተብሎ ቀርቷል፤ አንዲት ምት ጎደለችው። ከስታዲየሙ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት እናቱ ዶኛ ኤርሲሊያ ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ የልጃቸውን ስም ማየት ይፈልጋሉ፤ ስሞቹን የሚጽፈው ቀለም ቀቢ በመጣ ቁጥር ወንበራቸውን ይዘው ደጅ ይወጣሉ። ይህን አይቼ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ማንንም አልከስም። እንዲገባኝ ብቻ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ መቺው ሮጦ በሰላም ከማረፊያው ቤዝ ሲደርስ «ምት ነው» ወይም «የተከላካዩ ስህተት ነው» ብለው የሚፈርዱት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ስህተት ካሉ ለመቺው አይቆጠርለትም። ኤሊሴኦ በመጨረሻው ጨዋታው የመታት ኳስ ነጥራ ከራሴ በላይ አለፈች፤ የእኔ ስህተት ነው አሉ። በዚያው ቀን ኡልፒያኖ የመታት እየተንከባለለች መጥታ በሁለት እግሮቼ መሀል ሾለከች፤ ምት ብለው መዘገቡለት። ቅሌቴን ስለ ሸፈኑልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጸጉር አስተካካያችን ቶንቾ ግን እስከ ዛሬ አልፋታኝም።

«ቴኦ፣ የኤሊሴኦን ኳስ አይተሃታል?»

«ስታልፍ ሰምቻታለሁ።»

«ታዲያ ያልደረስክባትን ኳስ እንዴት ጣልካት፣ አንተ ጉደኛ?»

ፊቱን ሳሙና የተቀባው ሁሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ሁለተኛ፣ ሁለቱ እኩዮች ናቸው፤ በአንድ ዓመት ጀምረው፣ ለአንድ ቡድን ተጫውተው፣ በአንድ ዓመት አቆሙ። ሌላ ሰው በሚመዘግብባቸው ሜዳዎች ኤሊሴኦ ሦስት መቶ ሠላሳ፣ ኡልፒያኖ ሁለት መቶ ስልሳ መቱ። እርስዎ በሚመዘግቡበት ሜዳ ኤሊሴኦ ወደ ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት ወረደ፤ ኡልፒያኖ ሦስት መቶ አርባ ላይ ወጣ። የባሕሩ ንፋስ ሰው እየለየ ይነፍሳል ብለው እንዳያስረዱኝ እሰጋለሁ፤ እዚያው ቆሜ ስለነበር እኔንም ነፍሶብኛል።

ሦስተኛ፣ ኡልፒያኖን ክርስትና ያነሱት፣ ከአባቱም ጋር አበልጅ የሆኑት እርስዎ ነዎት። እሁድ እሁድ ከጨዋታ በፊት እነሱ ቤት ሳንኮቾ ይበላሉ። ይህ ከፍርድ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሾርባ ዓይን አይጋርድም፤ ምናልባት እንፋሎቱ።

ልመናዬ ትንሽ ናት። ከራሴ በላይ ያለፈችውን ኳስ ለኤሊሴኦ ምት ብለው ያስተካክሉለት። ስህተት እንዳይጎድልብዎት በእግሮቼ መሀል ያለፈችውን በምትኳ በደስታ እሰጣለሁ፤ እሷ የእኔው ናት። ያኔ ኡልፒያኖ ስንት ላይ እንደሚቆም አላሰላሁም። እርስዎ ግን ይህን ሲያነቡ ማስላት እንደጀመሩ እጠረጥራለሁ።

ኳስ ብቻ ሳይሆን ክቡርነትዎም እንዲያልፉ በእግሮቼ መሀል በቂ ክፍተት ትቼ፣ በትሕትና እጅ የምነሳ፣

ቴኦፊሎ ሴቬሪኖ
በእርስዎ ብዕር ከአገሩ ሁሉ የባሰ ስህተተኛ ተከላካይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እምቢ ቢሉም ቅር አይለኝም። ቅዳሜ የቶንቾን መሰላል ተውሼ፣ ሲገቡ ሲወጡ ከሚያልፉበት በር ትይዩ ባለው በዶኛ ኤርሲሊያ ቤት ግንብ ላይ የልጃቸውን ስም በትልቁ እጽፋለሁ። እሳቸው ወንበራቸውን ማዞር ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ስህተት ነው ካሉ እንደ ልማድዎ በስሜ ይመዝግቡት፤ ይህችን እንኳ በእጄ ነክቻታለሁ።