ሙላትን የገደልሁበት ኅዳር

ሰኞ፣ ኅዳር 5። ጧት 2 ሰዓት።

ክቡር ደብተሬ ሆይ! ቁምና ስማ። ነጠላህንም አዘቅዝቅ። ሙላት የተባለው የጭነት ማኪና ረዳት፣ የእኔ አብሮ አደግ፣ የቀሐ ወንዝ ዋናተኛ፣ በተወለደ በሃያ ዓመቱ ሊማሊሞ ላይ ከነማኪናው ገደል ገብቶ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፏል።

አላረፈም። ጨው ሊጭን አስመራ ሄዷል፤ የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ማክሰኞ ይመለሳል። የገደልሁት እኔ ነኝ። ትናንት፣ ወንዝ ዳር።

አሁን ስፌት ቤት ነኝ። አያ ተገኘ ደጅ ወጥቶ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል። ት/ቤት ከአራተኛ ክፍል ሲያባርረኝ መርፌ ያስጨበጠኝ ሰው ነው። እስኪመለስ እጽፋለሁ።

ምነው ገደልኸው ትለኝ እንደሁ፣ ምክንያቱ ዘነቡ ናት። ሙላት ሁለት ዓመት ሙሉ እሷን እያየ ይደርቃል። ሸጋ ናት። ግን ዝም ናት። ትወደው እንደሁ እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ሊሄድ ሲል ሸራውን በገመድ እየጠፈረ፣ ብሞት እንኳ ታለቅስ እንደሁ እንጃ አለኝ። ይህማ ቀላል ነው፣ አልሁ በሆዴ።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ውሃ ስትቀዳ አገኘኋት። ፊቴን አጨፍግጌ ነገርኋት። ማኪናው፣ ሊማሊሞ፣ ገደል። ድምፄን ሁሉ አንቀጠቀጥሁት። ምን አለች? ምንም። እንስራዋን ሞላች። አዘለች። እናቱ ሰምታለች ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ገና ናት አልኋት። ሄደች። አንዲት ዘለላ እንባ የለ!

ወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ጀርባ ሆኜ ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ምስኪን ሙላት፣ አትወደውም። ነገ ውሸቴን ነው እላታለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7።

አልነገርኋትም። ትናንት ውሃ አልወረደችም፤ ዛሬም። ታማ ይሆን? ደጃቸው እንዳልሄድ አባቷን አያ ውብነህን እፈራለሁ። ቁጡ ሰው ነው። ጠመንጃውን ከገዛ ልጁ ይልቅ ይወዳል ይባላል። ያልሁት እኔ ነኝ፣ ግን ይባላል።

ሙላት ሲመጣ ሦስታችንም እንስቃለን። እንስቃለን?

ዛሬ የአንድ ሰውዬ ኮት እጅጌ ግራውን ቀኝ አድርጌ ሰፋሁ። አያ ተገኘ በእንጨት ሜትሩ አናቴን አለኝ። ልክ ነው። ልቤ እዚህ የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10። ከቀኑ 8 ሰዓት።

ደብተሬ፣ ዛሬ ሳቅ የለም።

ዘነቡ ስፌት ቤት መጣች። ቀሚሷን ጥቁር አስነክራ፣ ጠርዙን እንድመታላት። ሻሿ ቅንድቧ ላይ ደርሷል። አያ ተገኘ ማን ሞተብሽ ልጄ ቢላት፣ የሩቅ ዘመድ አለች። ጎንበስ ብላ ጠርዙን ስታሳየኝ ሻሹ ወደ ኋላ ሸሸ።

ተላጭታለች። ያ ሁሉ ፀጉር የለም። ከጆሮዋ በላይ ምላጭ የበላው ቁስል አለ፤ ያለ መስታወት ራሷን በራሷ ነው የላጨችው።

አያ ተገኘ ክር ፍለጋ ጓዳ ገባ። ያኔ በሹክሹክታ፦

«እናቱን መቼ ነው የሚያረዷት? ሽማግሎቹ ምነው ዘገዩ? ይኸው ስድስት ቀኔ፣ ነጠላዬን ጎርሼ ነው የማለቅሰው።»

ገባኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። መርዶ እኮ ሥርዓት አለው። ሽማግሎች ጎሕ ሲቀድ ደጇ ቆመው እናትን ሳያረዱ ማንም ድምፁን አያሰማም። እናት የልጇን ሞት ከጎረቤት ጩኸት መስማት የለባትማ። ይህን ሕፃን ያውቃል። እኔም ዐውቃለሁ። እያወቅሁ እንባ አጣሁባት ብዬ ሳቅሁ። ለእናቱ ብላ ነው የዋጠችው። የሙላት እናት እትዬ ብርቄ ግን በደኅና ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች።

ልነግራት አፌን ከፈትሁ። አያ ተገኘ ክሩን ይዞ ብቅ አለ። ዘጋሁት። ጠርዙን መታሁላት፣ በጥቁር ክር፣ ቀጥ አድርጌ። በሕይወቴ እንዲያ አሳምሬ ሰፍቼ አላውቅም። እጄ ይቆረጥ።

ሰኞ፣ ኅዳር 12።

ባሰ።

ትናንት ልነግራት ቆርጬ ደጃቸው ድረስ ሄድሁ። ሦስት በቅሎ ታስሯል። የአዘዞው ባለ ወፍጮ ሽማግሌ ልኮባታል። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ ጢሙ ዘወትር ዱቄት። ሰው ሲበዛብኝ ፈርቼ ተመለስሁ።

የቀረውን ዛሬ ከሽማግሎቹ አንዱ ሱሪ ሊለካ መጥቶ ነገረን። አባትዬው እሽ ሊል ምንም አልቀረውም። ልጂቱን ጠራት፣ ውጪና እጅ ንሺ። ወጣች። እጅ ነሣች። ከዚያ ሻሿን በገዛ እጇ አወለቀችው።

«ሐዘንተኛ ነኝ። አባቶቼ፣ ሐዘን ላይ ያለችን አትጠይቁ።»

ሽማግሎቹ ጠላውን እንኳ ሳይጨርሱ ተነሡ። አያ ውብነህ ማን ሞቶብሽ ነው ቢላት ዝም። ቢጮኽ ዝም። እናቱ ሳትረዳ ስሙን አታወጣማ! የማን ሐዘን እንደሆነ ካልተናገረች ሐሙስ ደባርቅ ወስዶ ከመነኩሲት አክስቷ ዘንድ ሊያስገባት ምሏል። እዚያው ቆብ ትጫን ብሏል።

ሰውዬው እየሳቀ ነው ያወራው። አያ ተገኘ አንተ ምነው ዛሬ አልሳቅህ አለኝ። ሆዴን ነው አልሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13። 12 ሰዓት ሲል።

ሟቹ መጣ። ከስቷል። ቅንድቡ ሳይቀር ጨው ነው። ከአስመራ ብስኩት ይዞልኝ መጥቷል። ለእኔ። ብስኩት!

ሁሉን ነገርሁት። መጀመሪያ አላመነም። ቀጥሎ ተላጨች? ለእኔ? እያለ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ዘለለ፣ አቀፈኝ። ከዚያ ደባርቅ ስለው ክንዱ ላላ።

«አንተስ?» አለኝ።

«እኔ ምን?»

«ሞተ ስትላት። ቃሉ ካፍህ ሲወጣ፣ ትንሽ እንኳ አልከፋህም?»

ሳቅሁ አልሁት። እውነት መናገር ከጀመርሁ አይቀር ብዬ።

ቆይቶ አወራኝ። ሲመለሱ ሊማሊሞ፣ ጣሊያን ያስቆረጠው ጠመዝማዛ ላይ፣ የኋላው ጎማ ከመንገዱ ወጣ። እሱ ከጨው ክምር ላይ ነበር። ቁልቁል ሲያይ ደመና ብቻ። ያኔ ያሰበው አንድ ነገር ነው፣ እናቴን ማን ያረዳታል። እኔን አሰበ። «ጓደኛዬ ቀልድ ያውቃል፣ ሰው ማባበልም ይችላል፣ ከሽማግሎቹ ጋር እሱ ይቆምላታል» አለ በሆዱ። ልቡ ረጋ።

«አሁን ግን» አለኝ፣ «የእውነት ብሞት ማን ያምንሃል?»

ብስኩቱን አንሥቶ ይዞት ሄደ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 14። ገና በጧቱ።

ሙላት ራሱ ቢሄድ አያ ውብነህ ልጄን ያስላጨኸው አንተ ነህ ብሎ በጥይት ይቀበለዋል። የምሄደው እኔ ነኝ። ድንጋይ ተሸክሜ፣ ይቅርታ እንደሚለመነው። ከወንዝ አንድ መረጥሁ። ትንሽ ናት። መልሼ ጣልኋትና ትልቁን አነሣሁ።

አርብ፣ ኅዳር 16።

አለሁ። ማጅራቴ አይዞርም።

አያ ውብነህ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ። ድንጋዩን አውርድ አላለኝም።

«ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም፣ አያ።»

«ታዲያ ልጄ ለማን ተላጨች?»

«ላልሞተው፣ አያ።»

ጠመንጃው ከግድግዳው ላይ ነው። እሱም ያያል፣ እኔም አያለሁ። ዘነቡ ከጓዳ ወጣች። «አለ?» አለችኝ። «አለ፣ ትናንት ጨው ይዞ ገባ» አልኋት። መሬት ላይ ቁጭ አለችና አሥር ቀን ያፈነችውን ለቀቀችው። ምን ዓይነት ጩኸት! ጎረቤቱ ሰው ሞተ ብሎ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ግር ብሎ መጣ። ቁጡው አያ ውብነህ በሩ ላይ ቆሞ፣ ኧረ የሞተ የለም፣ በሰው መኖር ነው የምታለቅሰው፣ ግቡ፣ አይ አትግቡ፣ ሲል ዋለ። በመካከል ዞር ብሎ ድንጋዩን አውርደው አለኝ። ማርሁህ አላለም።

ደባርቅ ቀርቷል። የሙላት ሽማግሎች ከጾሙ በኋላ ይምጡና ይታያል ተብሏል። ዘነቡ እስካሁን ዓይኔን አላየችኝም።

ሙላትም ሁለት ቀን አኩርፎኛል። ዛሬ ስፌት ቤት መጣ። ከረጢት ሲያወርድ ሱሪው ከጉልበቱ ተቀዷል። ለአያ ተገኘ ሰላምታ ሰጠ፣ ለእኔ ሱሪውን ወረወረልኝ። ጋቢ አገልድሞ በሩ አጠገብ ቁጭ። እጥፍ አድርጌ መታሁት። አጠለቀው፣ አንዴ ቁጢጥ ብሎ ተነሣ፣ ስፌቱን ጎተት ጎተት አደረገው። ያዘ። አልሄደም። እዚያው ተቀምጦ መንገደኛ ያያል። እኔም እጽፋለሁ።

ሳስበው ያን ያህል የሚጻፍ ነገርም አልነበረም። ሞተ የተባለ አንድ ሰው ሱሪ ቀደደ፣ እኔ ጣፍሁለት።