የወንዙ ዳር ቡና ችግኞች

ሸዋ ቤንች፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

የምወድሽ ልጄ ሐሴት፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡም መሬቱን አጥግቧል። ጽሕፈቱ የእናትሽ ነው፤ እኔ ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው።

ለገና መጥተሽ የተጣላንበትን ነገር ላንሳ። ጀርመን የምትሠሪውን ስታስረጂኝ፣ ጂን የምትሏቸውን የዘር ቅንጣቶች እንደ ማብሪያ ማጥፊያ አያይዛችሁ ባክቴሪያውን ሥራ ታዛላችሁ፤ ንድፉን ግን ሁሉም በአንድ ሥርዓት ካልጻፈው የሌላው ላብራቶሪ ኮምፒውተር አያነበውም አልሽኝ። ይሁን። ከዚያ ለቡና ችግኜም ፎርም ሙላ አልሽ! መደብ፣ እናት ዛፍ፣ የተዘራበት ቀን። “እኔ ማሽን ነኝ እንዴ?” ብዬ ጮኽኩብሽ። ሠላሳ ዓመት በቃጫ ቋጠሮ ነው የለየኋቸው። ሦስት ቋጠሮ ማለት የወንዙ ዳር ቡና፣ የቡና በሽታ የሰፈሩን ተክል ሲጨርስ ያልተደፈረው።

ግንቦት ላይ ለዓይኔ ሕክምና አማን ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ፣ ጎረቤታችን ባዘዘው ሊያግዘን ብሎ የችግኙን ዳስ አደሰ። ማሰሪያ ሲያጣ ከየመደቡ ካስማ ላይ ቃጫዬን ፈታ! ምን ያድርግ፣ ቋጠሮውን ከእኔ በቀር ማን ያውቀዋል? በዚያው ሰሞን የወንዙ ዳር ቡና በጎርፍ ተነቅሎ ሄደ። ዘሩ የቀረው ችግኞቹ ውስጥ ነው። አሥራ ዘጠኝ መደብ፤ እኔ ደግሞ በጣቴ እየዳሰስኩ እንጂ በቦታ አልያዝኳቸውም። አለቀስኩ፣ ሐሴትዬ።

እናትሽ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ያንቺን ፎርም አወጣች። ስዘራ እያጉረመረምኩ የምናገረውን፣ አንቺ ባስያዝሻት ቅደም ተከተል ለካ ስትጽፍ ኖራለች! “መደብ አሥራ አንድ፤ እናት ዛፍ፣ የወንዙ ዳር፤ ጥር ስድስት።” ሁለት መቶ አሥር ችግኝ፣ ልጄ! ባዘዘው እኔን አንድም ነገር ሳይጠይቅ፣ ከወረቀቱ እያነበበ ተከላቸው። አንቺ ልክ ነበርሽ። በጮኽኩብሽ ይቅር በይኝ።

አሁን በየመስመሩ ጫፍ ጣውላ ተክለናል፤ ፎርምሽ እንዳለ ተጽፎበታል። በጎኑ ግን ያንኑ ጽሑፍ በጣት በሚዳሰስ ምልክት በቢላ ጫፍ ቀርጬበታለሁ። የእናንተን ማሽን ያነበዋል፣ የእኔን ጣቴ። አትቆጪኝ፣ ቅደም ተከተሉን አልነካሁም። ጠዋት ጠዋት እየዳበስኩ አነባቸዋለሁ፤ ደስ ይለኛል።

ስትመጪ ታዲያ ከአጥሩ ጀምረሽ “አባዬ” እያልሽ ግቢ፤ አንቺ መሆንሽን በድምፅሽ እንዳውቅ። እናትሽ እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አቁማ ነበር፤ እኔ ነኝ ጻፊ ያልኳት።

ጌታ በመውጣት በመግባትሽ ይጠብቅሽ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ።

አባትሽ ይስሐቅ