የቆልማማው ዳገት ድንጋዮች

ይድረስ ለልጆቼ አባት፣ ለኔ ጌታ፤

ካጣሁህ ሦስተኛው ክረምት ወጣ። አንተ ያለህበት አገር ዳገት የለም ይላሉ፤ እውነት ከሆነ እሰየው፣ አርፈሃል። እኛ ደህና ነን። ትልቋ ልጅህ ሞላሌ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። ትንሹ በቁመት አልፎህ ሄደ፤ በነገረኛነቱም የኔ ልጅ ነው።

ትልቁ ወሬ የመንገዱ ነው። አዲሱ የጠጠር መንገድ በሜዳው ዞሮ አለቀልህ። መኪናው ሁሉ ወደዚያ ሄደና፣ ያ አባቶቻችን በዶማና በአካፋ ያወጡት፣ አንተም በሾፌርነት ዕድሜህን የጨረስክበት መንገድ ተዘጋ። ገሚሱ ታርሶ ገብስ ተዘርቶበታል። ሰሞኑን ደግሞ የቀበሌው ሰዎች የቀረውን ድንጋይ ለእርሻ እርከን ሊያነሱት ነው ሲባል ሰማሁ። ከቆልማማው ዳገት አንዷን ድንጋይ ሳይቀድሙኝ አምጥቼ ከመቃብርህ ራስጌ ላኖራት፣ የጎረቤት አህያ ተውሼ ወጣሁ።

ቆልማማውን መቼም አትረሳውም። ኤንትሬ የጭነት መኪናህ እህል ጭና እያቃሰተች እዚያ ስትደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ይወርዳል፤ ረዳትህም ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ከጎማው ስር ታኮ ድንጋይ እያስገባ ይከተላል። ሌላው ሾፌር ዳገቱን ከወጣ በኋላ ድንጋዩን መንገድ መሃል ጥሎ እብስ ነው። አንተ ግን መኪናህን ደልዳላው ላይ አቁመህ በእግርህ ትመለሳለህ። የራስህን ብቻ ብታነሳ ምን ነበረበት! የሌላውንም እየለቀምክ ከዳር ትደረድራለህ። እኔ ጋቢና ውስጥ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ይህ ሰው ያገባው እኔን ነው ወይስ መንገዱን እያልኩ እነጫነጭ ነበር። አንተም እጅህን በኮትህ እየጠረግህ ትመጣና፣ ከኋላችን የሚመጣ ሰው አለ ትለኛለህ። ሌላ መልስ አልነበረህም።

እና አህያዋን እየነዳሁ ሄድኩ። መንገዱ አንድ ቦታ አለ፣ አንድ ቦታ የለም። ከዳገቱ ግርጌ ያለችው ድልድይ ግን ንቅንቅ አላለችም። ቆልማማው ላይ ስደርስ ድንጋዮችህ እንደደረደርካቸው ናቸው፤ ሽበት የመሰለ ነገር ወጥቶባቸዋል። አንዷን መርጬ ላነሳ ጎንበስ ስል ከቁልቁለቱ ሰዎች ብቅ አሉ። የታመመች ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ የሚወጡ ናቸው። ለእግረኛ አዲሱ መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ አቋራጩ ያው ያንተ ነው። ቀጥ ብለው መጥተው ቃሬዛውን ከጭቃው ከፍ አድርገው ድንጋዮችህ ላይ አሳረፉት። ሴትዮዋም ተንፈስ አለች። አንድ ሽማግሌ ላባቸውን እየጠረጉ እንዲህ አሉኝ፦

«ሁሌም የምናሳርፈው እዚህ ነው። የደረደራቸውን ሰው ነፍሱን ይማር።»

ማን እንደሆንክ እንኳ አያውቁም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ያንተስ ሥራ ስምህም ሳይጠራ ዋለ። ሚስቱ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ፣ እንባዬ ቀደመኝ። እንደዚያን ቀን ኮርቼብህ አላውቅም።

አህያዋን ባዶዋን መለስኳት። በማግስቱ ወደ ቀበሌው ሰዎች ሄጄ፣ ሌላውን አንሱ፣ የቆልማማውን ብቻ ተዉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ባለቤት ካለው እንተወዋለን አሉ። አለው አልኳቸው።

ስለዚህ ራስጌህ ያለ ድንጋይ ቀርቷልና አትቀየመኝ። አንተን የማስብበት ቦታ ከእንግዲህ እዚያ ዳገቱ ላይ ነው። ክረምት በወጣ ቁጥር ጎርፍ ያንሸራተታቸውን እየመለስኩ ከዳር እደረድራቸዋለሁ፤ ጉልበቴ ሲደክም ልጆችህ ይደረድራሉ። ከኋላችን የሚመጣ ሰው አለ።

ባለቤትህ