አንተ የዘፈንክብኝ ዘፈን

ውድ ወንድሙ፣

ይህን የምጽፍልህ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው። ካወለቅሁ እተኛለሁ።

ናዝራዊት ቅዳሜ ቤትህ ትመጣለች። የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ አላት፤ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ አሜሪካኖች ፕሬዚዳንት ሲመርጡ ይዘፍኗቸው ስለነበሩ የቅስቀሳ ዘፈኖች። እሑድ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ታነብልኝ ነበር። በ1840ው ምርጫ በትልቅ ቤት የተወለደውን ሰው፣ የእንጨት ጎጆ ውስጥ የሚኖር ድሃ ነው ብለው ዘፈኑለት። የመጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ የነበረውን ፕሬዚዳንት ደግሞ በወርቅ ማንኪያ የሚበላ ጌታ ነው ብለው ዘፈኑበት። ወረደ ሰውዬው።

«ሕዝቡ እውነቱን አያውቅም ነበር?» አልኳት።

«ያውቅ ይሆናል ዳድ። ግን ዜማው ደስ ይላላ!»

ሳቅሁ። ከዚያ የአንተ ዘፈን ትዝ አለን። የማኅበራችን የሊቀመንበር ምርጫ ጊዜ ትንሽ ልጅ ብትሆንም፣ ኖርዝ ሜልቦርን አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አንተ ማይኩን ይዘህ፦

ተነሥለት በቃ፣ ይረፍ ወንበሩ፤
አንተን ተሸክሞ ዛለ አራት እግሩ።

ሰዉ በጭብጨባ አዳራሹን አናጋው። ባለቤቴ አጸደ እጄን ያዘችኝ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስጭን የምውለው እኔ በዘፈንህ «ጌታው» ሆንኩ፤ ሁለት ቤት የሚያከራየው አድማሱ «የምስኪን ልጅ» ሆኖ ተመረጠ።

መሸነፌ አልከበደኝም። የአዳራሹን ቁልፍ ሳስረክብ እንዲያውም ትከሻዬ ቀለለኝ። አድማሱም ዓመት ሳይሞላው ፐርዝ ገባ። የከበደኝ የአንተ መቅረት ነው። ሰንሻይን ገበያ ውስጥ አየኸኝና ፊትህን አዙረህ ወጣህ። ካርቱም አንድ ፍራሽ ላይ ያደርን ሰዎች! አጸደን ስንቀብር ደግሞ ከሰዉ ራቅ ብለህ ቆመህ አየሁህ። ቀና ስል የለህም። ለቅሶ የተቀመጥኩ ጊዜ ሰው በገባ ቁጥር በሩን አይ ነበር።

ናዝራዊት «ጋሼ ወንድሙን ኢንተርቪው ባደርጋቸው ይከፋሃል?» ስትለኝ ስልክህን ሰጠኋት። ክርስትና ያነሣሃት ልጅህ ናት፤ በእኛ ጣጣ ለምን ትጣህ? ታዲያ ይቅርታ እየጠየቅህ እንዳታስለቅሳት። ግጥሙን እንዴት እንደገጠምከው፣ ማን «ዝፈንልን» እንዳለህ ንገራት፤ የምትፈልገው እሱን ነው። ሙሉውን ዝፈንላት። እኔም ዕቃ ሳጥብ ሳላስበው አንጎራጉረዋለሁ፤ የተረገመ ዜማ ነው።

ቂም ለመያዝ እንኳ አቅም የለኝም፣ ወንድሙ። ደከመኝ። ልጅቷ የምታውቀው እናቷን ነው፤ ጎረቤቶቼ የሚያውቁት የታመመችውን ሴትዮ ነው። ካርቱም ፀሐይ ላይ ልብስ እያሰጣች የምትስቀውን አጸደን የሚያውቃት ከአንተ በቀር እዚህ አገር ሰው የለኝም። ስሟን አንሥቼ ከማን ጋር ላውራ?

ቅዳሜ ሲመሽ ልጅቷን በባቡር አትላካት። ራስህ ዲር ፓርክ ቤታችን ድረስ በመኪናህ አምጣት፤ ደጅ አውርደሃት ደግሞ እንዳትመለስ። ግባ። ያልደረስከውን ለቅሶ ድረስ።

በሩን አልቆልፈውም።

ገብረጻድቃን