ከባዱ ይሻላል

መስከረም ፳፪ ቀን ፳፻፫ ዓ.ም.
መርካቶ፣ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ

ለወንድሜ ለሙናዊር፣ ጆሃንስበርግ

ሙኔ፣ አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤ «እኛ ደህና ነን» ተብሎ ነው አይደል የሚጀመረው? እሺ፣ ደህና ነን። አባዬ ያስነጥሳል፣ እማዬ ሐኪም ቤት አልሄድክም ብላ ትቆጣዋለች፣ እኔ በሁለቱ መሃል ሻይ አቀዳለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ ቤተሰቡ በሙሉ ጆሮውን ደቅኖ ስለሚያዳምጥ ነው። ጓደኛህ ፍስሐ ማክሰኞ ወደ እናንተ ስለሚመለስ ይቺን በእጁ ይሰጥሃል። አንብበህ ቅደዳት።

«ለሀፍሷ ላፕቶፕ ግዙላት» ብለህ ለእኔ የላክኸው ገንዘብ ደርሷል። ኮምፒውተርም ተገዝቷል። ላፕቶፕ ግን አይደለም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፣ ቢያንስ አንተ ሳቅበት። ያለፈው ሳምንት አርብ ከጁምዓ መልስ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተሰየሙ። ሰው ተጣልቶ አይደለም፣ ለእኔ ኮምፒውተር ሊመርጡ ነው። አባዬ አለ። አጎታችን ጋሼ ፉርቃን አንዋር መስጊድ አጠገብ ያለውን የጨርቅ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። በባለሙያነት ደግሞ ጎረቤታችን ጋሼ ሀብተ ወልድ ተጠሩ። ሙያቸው ምን መሰለህ? ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መሥሪያ ቤት ውስጥ በታይፕ ይጽፉ ነበር። ታይፕ ቁልፍ አለው፣ ኮምፒውተርም ቁልፍ አለው፤ በቃ ባለሙያ ሆኑ። ከሦስቱ ኮምፒውተር አብርቶ የሚያውቅ የለም። ሲኒማ ራስ ያለው ኢንተርኔት ቤት ወንበሩ በቅርጿ የጎደጎደላት እህትህ ግን ሐሳቧን የጠየቃት አልነበረም። ሻዩ ስኳር አነሰው ተባልኩ እንጂ።

ቅዳሜ አራታችንም ኮምፒውተር መሸጫ ሱቅ ሄድን። ሻጩ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠልን። ዴስክቶፑ ከዱባይ የመጣ አሮጌ ነው፣ ስክሪኑ ሆዱን ወደ ኋላ የነፋ። ላፕቶፑ ጥቁር፣ ስስ፣ ደብተር መሃል የሚገባ የሚመስል። እኔ ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ።

አባዬ ምን አደረገ መሰለህ፤ እንደ በርበሬ ጆንያ መዘናቸው። ላፕቶፑን በአንድ እጁ ብድግ ሲያደርገው ውስጡ ባዶ የሆነ ዛላ የገጠመው ጊዜ የሚያሳየውን ፊት አሳየ። ስክሪኑን ደግሞ ታቅፎ፣ አቃስቶ፣ ሲያነሳው ፊቱ በራ። «ይሄ ዕቃ ነው» አለ። ጋሼ ፉርቃን ላፕቶፑን እያገላበጡ የሻይ ትሪ ነው አሉት። ጋሼ ሀብተ ወልድ አንድ ቁልፍ ተጭነው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ጠበቁ፣ ምንም አልሰሙም። ድምፅ የሌለው ጽሕፈት ሠራተኛውን ሰነፍ ያደርገዋል ብለው ደመደሙ። ሻጩ ምስኪን፣ የላፕቶፕ ቁምነገሩ ቀላልነቱ ነው ብሎ ሊያስረዳ ቢሞክር ጋሼ ፉርቃን «አንተ ልጅ፣ መርካቶ ላይ ቀላል ነገር በውድ ልትሸጥልን?» አሉት። ልጁም ላፕቶፑን አጥፎ መደርደሪያው ላይ መለሰው።

ያን ጊዜ ነው አፌን የከፈትኩት። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ነው የደረሰኝ፣ ይሄን ሁሉ ኮተት አውቶቡስ ላይ ይዤ እንዴት ልሄድ ነው አልኩ። ሦስቱም ተያዩ። ጋሼ ፉርቃን ስለ ካርቶኑ ማውራት ጀመሩ። እኔም ጅሏ፣ መልስ ያጡ መስሎኝ ውስጤን ሳቅኩባቸው።

ዴስክቶፑ በተሸካሚ ጀርባ ሰፈራችን ገባ። ሳሎን፣ ያንተ አልጋ የነበረበት ቦታ ላይ ተቀመጠ፣ እማዬም ዳንቴል አለበሰችው። ጎረቤታችን እትዬ ውባንቺ ቲቪ የገዛን መስሏቸው እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉ መጥተው፣ ድራማው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁኝ። መብራት የለም አልኳቸው፤ እውነቴን ነው፣ አልነበረም።

በማግስቱ ለአባዬ ምሳውን በርበሬ ሱቁ ወሰድኩለት። ዛላ እየቀነጠሰ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ አባዬ፣ ያን ኮምፒውተር በምን ልወስደው ነው አልኩት።

«የት ይሄዳል? እዚሁ ነው።»

«እኔስ?»

እጁን አቆመ። ቀን ቀን ጋሼ ፉርቃን ሱቅ እንደምሠራ፣ ማታ እዚሁ ሰፈር ካለ ኮሌጅ እንደምማር፣ ኮምፒውተሩንም ለዚያው እንዳሰቡት ነገረኝ። ተቆጥቶ ቢሆን እመልስለት ነበር፤ ታውቀኛለህ፣ ምላሴ አይሰንፍም። እሱ ግን እንደሚለምን ሰው ነው ያወራኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ቤቱ ባዶ እንዳይሆንብን ነው፤ ሙናዊር ሲመጣ ትሄጃለሽ። እሱ ይምጣና፣ አርባ ምንጭ አይደለም የፈለግሽበት ሂጂ።»

ገባህ? ሽማግሌዎቹ ምንም አልተሳሳቱም። ከመጀመሪያውም ይፈልጉ የነበረው ከቦታው የማይነሳ ነገር ነው። የሳቅኩት እኔ፣ ያወቁት እነሱ።

ሙኔ፣ በዚያች ደቂቃ አፌ ላይ ምን እንደመጣ አንተ ታውቃለህ። ፍስሐ ፎቶውን ያሳየኝ እንዳዘዝከው ለእኔ ብቻ ነው። ሚስትህ ደስ የሚል ፊት አላት። ልጅህ ሰሀር ደግሞ የአባዬን ግንባር ይዛ ነው የተወለደችው፣ ገና ሕፃን ሆና በዋጋ የምትከራከር ትመስላለች። የስደተኛ ወረቀትህ ከአገሩ ከወጣህ ተመልሶ እንደማያስገባህ፣ እነሱን ትተህም እንደማትመጣ ፍስሐ ነግሮኛል። አልፈረድኩብህም። ግን አባዬን «አትጠብቀው፣ አይመጣም» ብለው ኖሮ፣ እኔን የሚያስርበት ገመድ አይኖረውም ነበር። ልለው አፌን ከፈትኩ።

እሱ ቀደመኝ። አገር ቤት በሬ እያስቀለበልህ እንደሆነ ነገረኝ፤ ለአረፋ፣ አንተ ስትመጣ የሚታረድ። ቀለሙን ሳይቀር ነገረኝ። ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። እጁን ዘርግቶ ቁመቱን አሳየኝ። እንዲህ ሲያወራ ያየሁት ድሮ ነው።

እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? የምሳ ዕቃውን ይዤ ወጣሁ።

ምዝገባው ሰኞ ያልቃል። የክፍል ጓደኛዬ ካሚላ እሷም አርባ ምንጭ ደርሷት ዛሬ ጠዋት ሄደች። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋት። ሻንጣዋን ጣሪያው ላይ ሲጭኑላት ዶርም ውስጥ ለእኔም አልጋ ልያዝልሽ አለችኝ፣ እንደማልሄድ አልነገርኳትም ነበርና ያዢልኝ አልኳት። እስከ አሁን ይዛልኝ ይሆናል። አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ ወደ ቤት መሄድ አቅቶኝ፣ መንገደኛ መስዬ ብዙ ቆምኩ። ረዳቶቹ እህት፣ የት ነሽ፣ ሐዋሳ ነሽ፣ ጅማ ነሽ ይሉኛል። የትም አይደለሁም ማለት አፈርኩ።

ከሰኞ ወዲያ ጋሼ ፉርቃን ሱቅ እገባለሁ። ጨርቅ መለካት ከአሁኑ መልመድ ጀምሬያለሁ፤ ክንድሽ አጭር ስለሆነ በክንድ ስትለኪ ለሱቁ ታተርፊያለሽ ብለው ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። አሁን ከእነሱ ጋር ነው የምስቀው።

በል እንግዲህ። አላህ አንተንም፣ እናቷንም፣ ሰሀርንም ከክፉ ይጠብቅ፤ ሱቅህን ከዘራፊ፣ ደጅህን ከእሳት ያርቅልህ። ሰሀርን በእኔ ስም ግንባሯን ሳምልኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ስትደውል ስለ እኔ ለአባዬ ምንም እንዳትለው። ኮምፒውተሩ እንዴት ነው ብለህ ጠይቀኝ፣ ጥሩ ነው እልሃለሁ። ከዚያ አባዬ ስልኩን ይቀበለኝና ለአረፋ ትመጣለህ ወይ ይልሃል። እንደ ወትሮህ ኢንሻአላህ በለው። እኔ አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ።

እህትህ
ሀፍሷ ረዲ