ታንከሩ ባዶ እንደነበረ እንዲመዘገብልኝ

ለውሃ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ዲሴምበር 14 ቀን 2021

ጉዳዩ፦ በባለቤቴ አሟሟት ሪፖርት ላይ «በቤቱ በቂ ውሃ እያለ» የሚለው እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ስዮካው ንዚዮካ በኪቱይ አውራጃ፣ በቲቫ ወንዝ ዳር የኢያንጉ መንደር ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ ንዚዮካ ሙሊ ኖቬምበር 17 ቀን ደራሽ ውሃ ወስዶት ሞቷል። ክቡርነትዎ በፈረሙበት ሪፖርት «ሟች በቤቱ በቂ ውሃ እያለ በራሱ ቸልተኝነት ወንዝ ገብቶ» ተብሏል። እውነቱ ከዚህ በታች ያለው ነው።

1. ከሁለት ዓመት በፊት ጽሕፈት ቤቱ ለየቤቱ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር ሲሰጥ፣ ከመንደራችን ሥልጠና የገባሁት እኔ ነበርኩ። የወቅቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣራ ያጥባል እንጂ አይጠጣም፣ አቧራና የወፍ ኩስ ስላለበት ቱቦውን ወደ ውጭ አዙራችሁ አፍስሱት ተብለን ተማርን። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም።

2. ኦክቶበር 29 ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በኃይል ዘነበ። ቱቦውን አዞርኩት። ባለቤቴ ደጅ ቆሞ «አስተማሪዋ፣ ይሄ እኮ ውሃ ነው! መልሺው እንጂ!» አለኝ። «ኩስ ልታጠጣን ነው?» አልኩት። «ኩሱን ለእኔ ተይው፣ አንቺ ብቻ መልሺው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አልመለስኩትም። ውሃው በፍየሎቹ ጉረኖ በኩል ወርዶ አለቀ። ቆይቼ ሳሰላው ለሦስት ሳምንት ይበቃን ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ጠብ አላለም።

3. ከበፊቱ ወቅት የተረፈን ውሃ ኖቬምበር 6 ተሟጠጠ። ለዚህ ምስክሬ ጎረቤታችን ሽማግሌው ንዙኪ ናቸው፤ በማግስቱ አንድ ባልዲ ያበደሩን እሳቸው ናቸው። በዚያው ሳምንት ውሃ በቦቴ የሚታደላቸውን ቤቶች የሚመዘግብ ሠራተኛ መጣ። ቅጹ «ታንከር አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው የሚለው። «አለ» ብሎ ጻፈ። «ባዶ እኮ ነው፣ አንኳኳውና ስማው» ስለው «እናቴ፣ ባዶ የሚባልበት ቦታ የለውም» አለኝ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ክፉ ቃል አልወጣውም። ቦቴው ግን በራችንን አልፎ ሄደ።

4. ስለዚህ ወደ ወንዝ ወረድን። ወንዛችን አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀዳል። ሰማያችን ጥርት ብሎ እያለ ተራራው ላይ ዘንቦ ውሃው ሊደርስ ስለሚችል፣ አንዱ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ዳር ቆሞ ማዳመጥ አለበት። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው የውሃውን መምጣት አይሰማም።

የዚያን ቀን የማዳምጠው እኔ ነበርኩ። ይህንን አልደብቅም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ሁለት ጀሪካን ሞልተን አህያዋ ላይ ጫንን። ባለቤቴ ሦስተኛውን ሊቀዳ ተመልሶ ገባ። አህያዋ ብቻዋን ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። ስነግረው ከጉድጓዱ ውስጥ «ድረሺባት፣ ሳታፈሰው!» ብሎ ጮኸ። አንድ ጊዜ ውሃ አፍስሻለሁ፤ ደግሜ ማፍሰስ አልፈለግሁም። ሮጥኩ። ደጃችን ላይ ያዝኳት። ጠብታ አልፈሰሰም። ስመለስ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር። ባለቤቴን በሦስተኛው ቀን ታች ድልድዩ ጋ አገኙት። ሁለቱ ጀሪካኖች እስከ ዛሬ እንደተከደኑ ናቸው።

5. ሪፖርቱ በመንደር ስብሰባ ላይ በድምፅ ተነበበ። ለልቅሶ የመጡት የባለቤቴ እናት፣ አማቴ ካቪንዲ፣ በሌላ መንደር ከታላቁ ልጃቸው ጋር ስለሚኖሩ ቤታችን ውሃ መጥፋቱን አያውቁም ነበር። እዚያው ሰው መሀል ወደ እኔ ዞረው «ውሃው ቤት ውስጥ ነበር ይላሉ። ታዲያ ልጄን ወንዝ የሰደድሽው ለምንድን ነው?» አሉኝ። ባዶ ነበር ብላቸው «ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዋሻል?» አሉ። ከዚያ ወዲህ እጄ ያቀረበውን እህል አይቀምሱም። አልፈርድባቸውም። ስለ አህያዋ ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ፤ ስላልነበረ ውሃ ግን ምን ልበል?

ስለዚህ፦
ሀ) «በቤቱ በቂ ውሃ እያለ» የሚለው ወጥቶ «ታንከሩ ባዶ ስለነበር» ተብሎ እንዲጻፍ፤
ለ) የታረመው በዚያው ስብሰባ፣ አማቴ ባሉበት፣ በድምፅ እንዲነበብ፤
ሐ) ቅጹ ላይ ታንከሩ ውሃ ይኑረው አይኑረው የሚሞላበት አንድ መስመር እንዲጨመር በትሕትና አመለክታለሁ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ማሳወቅ ይገባኛል። ከኖቬምበር 28 ወዲህ አምስት ጊዜ ዘንቧል። የመጀመሪያው ሲመጣ ቱቦውን አላዞርኩም፤ ከነኩሱ ነው ያስገባሁት። አሁን ታንከሩ ሞልቶ በአናቱ ይፈሳል። ለማጣራት ባለሙያ ቢልኩ ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር
ስዮካው ንዚዮካ
(ፊርማ)