የአባባ ግራ እግር

ይድረስ ለወንድሜ ለኢስሀቅ፣ አሰብ። የቀይ ባሕር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ጣናም ዓሣ አልነፈገንም።

አባባ ጀልባ ወደ ዳር ሲስቡ አዳልጧቸው የተሰበረው ግራ ጉልበታቸው፣ ሆስፒታል ተቀዶ በብረት ተያዘ። ስብራቱ የበጠሰውን የደም ሥርም ከቀኝ እግራቸው በወሰዱት ሥር ቀጠሉት። መጀመሪያ ግራ እግራቸው ሞቆ ነበር። ከሐሙስ ወዲህ ስለሚቀዘቅዝ ካልሲ ደርቤ አለበስኋቸው። ዛሬ ሐኪሙ ደም መድረሱን ለማወቅ የእግራቸውን ትርታ በጣቱ ሲፈልግ ብዙ ቆየ።

"አገኘኸው ወይ ልጄ?" አሉት።

ሐኪሙ እግራቸውን ሸፍኖ ሌላ ሐኪም ሊጠራ ሄደ። እሳቸው ግን፣ "ኢስሀቅ ሲመጣ አዲሱን ጀልባ አብረን ቆመን እንቀዝፋለን" ይሉኛል።

የይለፍ ወረቀት ከሰጡህ መልስ አትጻፍልኝ፤ ራስህ ና።

አላህ በሰላም ያገናኘን፤ እህትህ መዲና፣ ከባሕር ዳር።